አንድ ቁጥቋጦ ጽጌረዳ ለትንሽ ግቢ፦ ከሚያዝያ እስከ ሚያዝያ የያዝኩት የሥራ ማስታወሻ

ሚያዝያ፦ ቦታና ችግኝ

ቦታው ጠባብ ነው። አዲስ አበባ፣ በምሥራቅ በኩል፣ አፈሩ ጥቁር ዋልካ የሆነበት ሰፈር። በቤቱና በአጥሩ መካከል የተረፈች መሬት ናት፤ መኪና ቢቆምባት በር መክፈቻ አይተርፍም።

የምፈልገው በሴሎፎን ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ዓይነት አይደለም። ያኛው ረጅም ግንድ ነው፣ ጫፉ ላይ አንድ ሹል እንቡጥ። እኔ የምፈልገው ከሥሩ ጀምሮ የሚንሰራፋ ቁጥቋጦ ነው። አበባው ክብ፣ ፔታሉ (የአበባው ቅጠል) የተደራረበ፣ አንገቱን ትንሽ የሚደፋ፣ በአጠገቡ ሲታለፍ የሚሸት። ሰው «ሮማንቲክ» የሚለው ዓይነት። ኬሚካል መርጨት የለም፣ በየሳምንቱ ማስታመምም የለም። ሥራ አለኝ።

መጀመሪያ ፀሐይን አየሁ። ጽጌረዳ በቀን ቢያንስ ለስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋል። የአውሮፓ መጽሐፍ «ወደ ደቡብ የዞረ ግድግዳ ሥር ትከሉ» ይላል። እኛ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግድም የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በታኅሣሥ ቀትር ላይ 2.5 ሜትር አጥር ወደ 1.6 ሜትር ጥላ ይጥላል። ስለዚህ ዛሬ ፀሐይ የጠገበ የሚመስለው የደቡቡ አጥር ሥር በጋ ላይ ጥላ ይሆናል። መደቡን ከዚያ አጥር ሁለት ሜትር አራቅሁት። መሄጃ መንገዴን በላብኝ፤ ይብላ።

ችግኙ ላይ ብዙ አሰብኩ። በዚህ መልክ ስማቸው የሚጠራው የእንግሊዙ ዴቪድ ኦስቲን ያዳቀላቸው ናቸው። የድሮውን የአውሮፓ ጽጌረዳ ቅርጽና ሽታ፣ ደጋግሞ ከሚያብበው ዘመናዊ ዓይነት ጋር አዋሃደ። የመጀመሪያው ኮንስታንስ ስፕራይ እ.ኤ.አ. በ1961 ወጣ፤ እሱ ገና በዓመት አንዴ ብቻ የሚያብብ ነበር። እህቴ ለንደን ነው የምትኖረው፤ «ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ላምጣልሽ?» አለችኝ። አይሆንም አልኳት። ሕያው ተክል ያለ ፈቃድና ያለ ዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ድንበር አያልፍም፤ በሽታውም ተባዩም አብሮ ይገባል። ጽጌረዳ ወደ ውጭ እየላከ ለሚኖር አገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ቨርጂኒያ ያለች ጓደኛዬ ደግሞ ኖክ አውትን አወደሰችልኝ። ዊልያም ራድለር የሚባል አሜሪካዊ ያዳቀለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ገበያ ላይ ወጣ። በሽታ ይችላል፣ ብዙ ሳይነኩት ያብባል። እነሱ ጋ በየመኪና ማቆሚያው ተተክሏል አሉ። ግን ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። ሽታ የሌለው ጽጌረዳ ለኔ ግማሽ ነው።

ቀጋም ታየኝ። ቀጋ የራሳችን የዱር ጽጌረዳ ነው፤ ከሰሃራ በታች በተፈጥሮ የሚበቅለው ብቸኛው የጽጌረዳ ዝርያ። ነጭ አበባው ያምራል፣ ቀይ ፍሬውም ይበላል። ግን እሾሁ ልብስም ቆዳም አይምርም። የሚደገፍበት ዛፍ ካገኘ ደግሞ ዝም ብሎ ይወጣል። ለገጠር አጥር ነው እንጂ እዚህ ግቢ አይገባም።

መልሱ ከጎረቤት መጣ። እማማ በር ላይ ሮዝ ቀለም ያለው አሮጌ ቁጥቋጦ አለ። ስሙን የሚያውቅ የለም። ማንም አይረጨውም፣ በጋ ላይ እንኳ የሚያጠጣው የለም፣ በግ ሲያልፍ ይቀነጥበዋል። እሱ ግን የማያብብበት ወር ጥቂት ነው።

«እማማ፣ ከሥሩ ትንሽ ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ውሰጂ እንጂ! ሰኔ ሲገባ ነው ታዲያ። አሁን ብታወጪው ይደርቅብሻል።»

እንግዲህ ብዙ እንክብካቤ የማይፈልግ ጽጌረዳ ለሚፈልግ ሰው የምለው ይሄን ነው፦ ካታሎግ ከማገላበጥ በፊት ሰፈሩን ይዙር። በዚያው አፈር ላይ፣ ችላ ተብሎ፣ ዓመታት የቆየ ቁጥቋጦ ካለ ፈተናውን አልፏል።

ለማወዳደር ብዬ ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ አንድ ቀይ ገዛሁ። በጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ፣ 450 ብር። ባለ ረጅም ግንዱ ዓይነት ነው፣ በሌላ ሥር ላይ የተዳቀለ፤ ማለትም በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ ተጣብቆ ያደገ።

ግንቦት፦ አፈር

ገንዘቡም ጉልበቱም የሄደው እዚህ ነው።

40 ሳንቲ ሜትር ያህል ጉድጓድ አስቆፍሬ ውሃ ሞላሁበት። በማግስቱ ጠዋት ግማሹ እዚያው ቆሟል። የቀን ሠራተኛው አየት አደረገውና «እትዬ፣ ይሄ ገንዳ ነው እንጂ ጉድጓድ አይደለም» አለ። ልክ ነው። ዋልካ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ለስላሳ አፈር መሙላት ለሥሩ የውሃ ገንዳ መሥራት ነው። ዙሪያው ስለማያሳልፍ የክረምቱ ውሃ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል፣ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል።

አሸዋ ቀላቅይበት ያለኝ ሰው አለ። ትንሽ አሸዋ በብዙ ዋልካ ላይ ሲደርቅ ጡብ ነው የሚወጣው። ተውኩት።

ያደረግኩት ከፍ ያለ መደብ መሥራት ነው። 1.2 ሜትር በ2.5 ሜትር፣ በሁለት ረድፍ ብሎኬት፣ ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር። ብሎኬቱ ከጎረቤት ግንባታ የተረፈ ስለሆነ ለማጋዣ ብቻ ከፈልኩ። ሲሚንቶ አልተጠቀምኩም፤ በመገጣጠሚያው ውሃ ይውጣ። ከታች ያለውን ዋልካ በዶማ ሰባበርነው እንጂ አላወጣነውም። ዋልካ ለጽጌረዳ መጥፎ አይደለም፤ ንጥረ ነገርም እርጥበትም ይይዛል። ችግሩ ክረምት ሲያብጥ አየር መዝጋቱ፣ በጋ ሲሰነጠቅ ደግሞ ቀጫጭን ሥር መበጠሱ ነው።

መሙያው እንዲህ ነው፦ ሁለት እጅ ተራ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ ቀላል ጠጠር። ሬድ አሽ ውስጡ ቀዳዳ ስለሆነ ውሃም አየርም ያሳልፋል። ፍጉን በማዳበሪያ ስድስት ሙሉ ከከብት አርቢ ገዛሁ፣ እያንዳንዱ 150 ብር። ሁለቱ ሲከፈቱ ትኩስ እበት ሆነው ተገኙ፤ ገና ይሞቃሉ፣ አሞኒያው አይን ያቃጥላል። እነሱን ጥግ ላይ ከምሬ በፕላስቲክ ሸፈንኩ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ሬድ አሹ ከነማጓጓዣው 900፣ የቀን ሠራተኛው 800።

ሰኔ፦ ተከላ

ሁለት ሦስት ደህና ዝናብ ከጣለ በኋላ እማማ በር ሄድን። ከቁጥቋጦው ጎን የወጣ ቡቃያ መረጥን። ዙሪያውን በአካፋ ቆርጠን፣ ከእናቱ ጋር የሚያገናኘውን ወፍራም ሥር በመቀስ ለየነው። የራሱ ፀጉር ሥር ነበረው። ቅርንጫፉን በግማሽ አሳጠርኩ፤ የተቆረጠ ሥር ሙሉ ቅጠል ሊያጠጣ አይችልም።

አሮጌው ቁጥቋጦ በራሱ ሥር የቆመ ስለሆነ ከመሬት የሚወጣው ቡቃያ ሁሉ ያው ጽጌረዳ ነው። የተዳቀለው ላይ እንዲህ አይደለም። ከመዳቀያው በታች የሚወጣው የታችኛው ሥር ቡቃያ ነው፣ ሱከር ይባላል፤ ዝም ካሉት ላይኛውን ውጦ ያስቀረዋል። ቢሾፍቱ አጠገብ አበባ እርሻ የሠራች የአክስቴ ልጅ ብዙ ጊዜ እነሱ ጋ የታችኛው ሥር ናታል ብራየር የሚባለው እንደሆነ ነገረችኝ። «ሱከር ስታዪ በመቀስ አትቁረጪ፤ አፈሩን ገልጠሽ ከመነሻው ገንጥዪ፣ አለዚያ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል» አለችኝ። የመጀመሪያው ሱከር ቀዩ ላይ ሰኔ ሳያልቅ ታየ። ቅጠሉ ከላይኛው ፍጹም ስለሚለይ ለማወቅ አያስቸግርም።

ለመጠባበቂያ ቁራጮችም ተከልኩ። እርሳስ የሚያህል ውፍረት፣ 20 ሳንቲ ሜትር፣ አበባው ረግፎ ካለቀ ቅርንጫፍ የተቆረጠ። የታችኛውን ቅጠል አርግፌ ሁለት ሦስተኛውን አፈርና ሬድ አሽ ውስጥ ቀበርኩ። ከላይ ቂጡ የተቆረጠ ሃይላንድ ደፋሁበት።

ሐምሌና ነሐሴ፦ ዝናብ

ሃይላንዱ ውስጥ ካሉት ግማሾቹ ጠቆሩ። ክዳናቸውን ዘግቼ ስለተውኳቸው ላቡ የሚወጣበት አጣ። የቀሩትን ክዳኑን ከፍቼ፣ ጎኑንም በጋለ ምስማር በስቼ አስቀጠልኩ። በነሐሴ መጨረሻ አንዱን በጥንቃቄ ሳብ ሳደርገው አልነቀል አለ። ሥር ይዟል ማለት ነው።

ቀዩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ መጣ። መጀመሪያ የታችኛው ቅጠል ላይ ጠርዙ ያልተስተካከለ ጥቁር ክብ ይታያል፣ ከዚያ ዙሪያው ይወይባል፣ ከዚያ ይረግፋል። ፈንገሱ ለመብቀል ቅጠሉ ለሰባት ሰዓት ያህል ሳይደርቅ መቆየት አለበት። በሐምሌ አዲስ አበባ ውስጥ ለሰባት ሰዓት እርጥብ ያልሆነ ነገር ካለ ንገሩኝ። ነሐሴ ሲጋመስ ቀዩ ራቁቱን ቀረ። ሮዙም ተይዟል፣ ግን ከታች ጥቂት ቅጠል ጥሎ ከላይ አዲስ እያወጣ ቀጠለ። የረገፈውን እየለቀምኩ በከረጢት ከቆሻሻ ጋር ሰደድኩ፤ ኮምፖስት ውስጥ አይገባም፣ በሽታው ይተርፍበታል።

ሮዙ በነሐሴ የመጀመሪያዎቹን እንቡጦች አወጣ። አልተከፈቱም። ይሄን በቅርብ አየሁት። ውጭ ያሉት ፔታሎች በዝናብ ርሰው፣ ትንሽ ፀሐይ ስትወጣ ደርቀው እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ቡናማ ቅርፊት ይሆናሉ። በጥፍሬ ስልጠው ውስጡ ንጹህ ሮዝ ነው፣ ይሸታልም፣ ግን መውጫ አጥቶ ታፍኗል። ፔታል በበዛ ቁጥር ይሄ ይብሳል። የሮማንቲክ ቅርጽ ዋጋው ይሄው ነው፦ ክረምት ላይ አበባ አይጠበቅበትም። ከዚያ በኋላ የነሐሴን እንቡጥ ገና አተር ሲያህል ቀነጠብኩት። ጉልበቱን ለሥር ያውለው።

አንድ ከሰዓት በረዶ ጣለ። ቅጠሉ ተበሳሳ። ምንም ማድረግ አይቻልም፣ ምንም አላደረግኩም።

መስከረምና ጥቅምት፦ ክሽክሽ

ፀሐይ ስትወጣ ሮዙ ተስፈነጠረ። ቀይ ለስላሳ ጫፍ በየቦታው። ክሽክሽም ተከትሎ መጣ፤ የቅጠል ፈሳሽ የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት ነው፣ አረንጓዴ፣ ጫፉ ላይ ተደራርቦ። ጉንዳኖች ግንዱ ላይ ይመላለሳሉ፤ ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ነው፣ በምላሹም ከጠላት ይጠብቁታል።

በዚህ ሰሞን ነው አንድ ዘመድ «ዩሪያ ጣል ጣል አድርጊበት፣ ፍጥን ይልልሻል» ያለኝ። ይፈጥናል፣ እውነት ነው። ግን ናይትሮጅን የበዛበት ቅጠል ለስላሳና ውሃማ ነው፤ ክሽክሽ የሚወደው እሱን ነው። ፍጉ ይበቃል ብዬ ተውኩት።

መጀመሪያ በውሃ ጎማ ጠንከር አድርጌ አጠብኩት። አብዛኛው ረገፈ። የቀረውን አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና አድርጌ ማታ ረጨሁት፣ ጠዋት በንጹህ ውሃ አለቀለቅኩት። ከዚያ እጄን ሰበሰብኩ፤ ቀይ ጥንዚዛዎች መጥተው ነበር። እነሱና እጮቻቸው ክሽክሽ ይበላሉ። ሳሙና ደግሞ ልጆቻቸውን አይለይም። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ክሽክሹ ቢኖርም ጉዳት የሚባል አልነበረም።

የእንቁጣጣሹ ቄጤማ ሲጠረግ ወደ መደቡ ሄደ። ጉዝጓዝ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ የበዓል ቄጤማ አልጥልም። የቡና አተላም ይገባል፣ ግን ስስ አድርጎ፤ ሲወፍር ይደርቅና ውሃ አላሳልፍ ይላል።

ኅዳርና ታኅሣሥ፦ ነጭ ሻጋታ

ሌሊቱ ቀዘቀዘ፣ ቀኑ ሞቃትና ደረቅ ሆነ። ፓውደሪ ሚልዲው የሚባለው ነጭ ዱቄት መሰል ሻጋታ የሚወደው ይሄን ነው። ቀዩ ላይ እንቡጡን ሳይቀር ሸፈነው፣ አዲሱ ቅጠል ተጨማደደ። ሮዙ መሀሉ ላይ፣ ቅርንጫፍ በተፋፈገበት ቦታ ብቻ።

ቤኪንግ ሶዳ ሞከርኩ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ በአንድ ሊትር። የተያዘውን ቅጠል አላዳነም። የሠራው ሌላ ነገር ነው፤ ከመሀል የተቆላለፉ ቀጫጭን ቅርንጫፎችን አውጥቼ አየር እንዲያልፍ ማድረግና ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን በውሃ ማጠብ።

ቅጠል ማጠብ ስል የሚቃወም ይኖራል። «የጽጌረዳ ቅጠል አታርጥቡ» የሚለው ምክር ለጥቁር ነጠብጣብ ነው፣ ማለትም ለክረምት። ይሄኛው ፈንገስ ግን ቅጠሉ ላይ የቆመ ውሃ አይመቸውም። በኅዳር ጠዋት የታጠበ ቅጠል ፀሐይ ሲያገኘው ወዲያው ስለሚደርቅ ጥቁር ነጠብጣብ ጊዜ አያገኝም። ምክሩ እንደ ወሩ ይገለበጣል።

ጥር፦ መግረዝ

የውጭ መጽሐፍ «የብርዱ ወቅት ሲያልቅ፣ ቡቃያው ሊነቃ ሲል ግረዙ» ይላል። እኛ ጋ ጽጌረዳ አይተኛም። ስለዚህ ጊዜውን የሚመርጠው ሰው ነው። እኔ ደረቁን ወቅት መረጥኩ፤ የተቆረጠ ቦታ ቶሎ ይደርቃል፣ ፈንገስ አይገባበትም።

የአክስቴ ልጅ የእርሻውን ሒሳብ ነገረችኝ። ለፍቅረኞች ቀን፣ እ.ኤ.አ. ለፌብሩዋሪ 14 የሚደርስ አበባ ሲፈለግ ወደ ኋላ ሁለት ወር ገደማ ተቆጥሮ ይቆረጣል። ቀዩን በዚሁ ሒሳብ ለፋሲካ እንዲደርስ ቀጠሮ ያዝኩለት፤ የካቲት መጀመሪያ ላይ እስከ ጉልበት አወረድኩት።

ሮዙ ገና ዓመት አልሞላውም። የደረቀ ብቻ አነሳሁለት። ግን እማማን ውለታ ስላለብኝ የእሳቸውን አሮጌ ቁጥቋጦ ገረዝንላቸው። ቁጥቋጦ ላይ ሥራው ጫፍ መከርከም አይደለም። የደረቀው ይወጣል። ከዚያ በጣም ያረጁት፣ ቅርፊታቸው የሻከረው፣ ጥቂት ግንዶች ከመሬት ይቆረጣሉ፣ አዲስ እንዲተካ። የቀረው በሲሶ ቢያጥር ይበቃል። ቁርጡ ወደ ውጭ ካየ ዓይን (ቡቃያ ከሚወጣበት ቦታ) ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሰያፍ ሆኖ። እማማ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው እያዩ «ጨረሳችሁብኝ እኮ!» ሲሉ ነበር።

መቀስ፦ የ350 ብሩ ሦስተኛው ግንድ ላይ ምላሱ ተጣመመ። የ1,300ውን ገዛሁ። አውራ ጣት የሚያህል ግንድ ግን በመቀስ አይደፈርም፤ ትንሽ መጋዝ ይሻላል። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስንሄድ ስለቱን በአልኮል ጠረግን።

መጋቢት፦ ውሃና ቀይ ሸረሪት

ውሃ በፈረቃ ሆነ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት አቆምኩ፤ ሥሩን ወደ ላይ ነው የሚጠራው። በሳምንት አንዴ ለያንዳንዱ አሥር ሊትር፣ ማለትም አንዲት ባለ 20 ጀሪካን ለሁለት። ቀስ ብሎ፣ ከሥሩ። ሩዝና አትክልት የታጠበበት ውሃም ይገባል፣ የልብስ ሳሙና ያለበት አይገባም። ቄጤማውን ገለጥ ሳደርገው ከሥር ያለው አፈር ውሃ ከጠጣ በሰነበተም ቀን ርጥብ ነው። ጉዝጓዝ የሌለበት ጠርዝ ግን ተሰንጥቋል።

የቀዩ ቅጠል ደበዘዘ፣ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ሆነ። ገልብጬ ሳየው ቀጭን ድር አለ፤ ነጭ ወረቀት ላይ ሳራግፈው የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች ወደቁ። ቀይ ሸረሪት የሚባለው ደቃቅ ተባይ ነው። ሙቀትና ድርቀት ይወዳል። ከፈረቃው ውሃ ቆጥቤ የቅጠሉን ጀርባ አጠብኩ። ሮዙ ላይም ፈለግኩ፤ ጥቂት አገኘሁ፣ አልነካሁትም።

ሚያዝያ፦ እንደገና

ቀዩ ቀጠሮውን አከበረ። ለፋሲካ ሦስት ረጃጅም አበባ ሰጠ፣ ቆርጬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ቆንጆ ነው፣ አይሸትም። ሮዙ ቀጠሮ አያውቅም። ከመጋቢት ጀምሮ በዘለላ በዘለላ ያብባል፣ ሲበቃው ፔታሉን ራሱ ይጥላል። ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር ደርሷል፣ ጎኑ ከቁመቱ ይበልጣል። ጠዋት በር ሲከፈት ሽታው ይገባል፤ ቀትር ላይ ግን ይጠፋል።

ቀዩን አወጣዋለሁ። አበባ ቆርጦ ቤት ማስገባት ለሚወድ፣ መርጨትም ለማይሰለቸው ሰው ጥሩ ነው፤ የሚወስደው ሰው አግኝቻለሁ። በቦታው ሌላ ጽጌረዳ አልተክልም። ጽጌረዳ በወጣበት አፈር ላይ አዲስ ጽጌረዳ ብዙ ጊዜ ይቀጭጫል። የጥብስ ቅጠል ይገባበታል፤ ብዙ ውሃ አይፈልግም፣ ለወጥ ቤትም ይሆናል።

መደቡ ወደ አንድ ስንዝር ሰምጧል። ጥግ ላይ የተከመረው ፍግ አሁን ጠቁሯል፣ ሽታው የአፈር ነው። ግንቦት ላይ እሱን እጨምርበታለሁ፣ የግንዱን ሥር ሳላለብስ። ከሃይላንድ የተረፉት ሁለቱ ቁራጮች ደግሞ ሰኔ ሲገባ ይሰጣሉ፤ አንዱ ለአክስቴ ልጅ፣ ሁለተኛው መደቡን ለሠራው ሰውዬ። ለሚስቱ ነው የጠየቀኝ።